3,800 ብር የወጣባት የእንጨት እርጥበት መለኪያ፦ ዳንግላ ላይ አንድ ዓመት ከዋንዛ ጋር

ነገሩ ከቁም ሳጥን ይጀምራል። ከዓመታት በፊት ለእናቴ የዋንዛ ቁም ሳጥን አሠራሁላት። ጣውላውን የሸጠልኝ ሰውዬ «ዓመት ሙሉ የደረቀ ነው፣ እስቲ አንኳኳው» አለኝ። አንኳኳሁት፣ ጮኸ። እኔም ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ጥር ሲገባ በሮቹ መሃል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ። መጋቢት ላይ የጎኑ ጣውላ ከላይ እስከ ታች በሌሊት «ጧ!» ብሎ ተሰነጠቀ፤ እናቴ ሌባ የገባ መስሏት ጎረቤት ቀሰቀሰች። ሐምሌ ሲመጣ ደግሞ ሌላኛው በር አብጦ አልዘጋም አለ። ቁም ሳጥኑ አሁንም ቤት አለ። በሩ የሚዘጋው በታጠፈ ካርቶን ነው።

ስለዚህ የግቢያችን ዋንዛ ተራው ሲደርስ ለራሴ ቃል ገባሁ። ይሄኛውን ማንም «ደርቋል» ስላለኝ አልነካውም፣ ቁጥር አይቼ ነው የምነካው። መለኪያዋን የገዛሁት ለዚህ ነው። ዓመት አለፈኝ። አሁን ስለሷ የምለው አለኝ፤ ጥሩም መጥፎም።

መጀመሪያ ስለ እንጨቱ ትንሽ ላውራ፣ ካለሱ መለኪያዋ ትርጉም የላትም። ዛፉን የተከለው አባቴ ነው። ልጅ ሆነን ፍሬውን ስንለቅም ጣታችን እርስ በርስ እየተጣበቀ እናታችን ትጮህብን ነበር። ካቻምና ክረምት አንዱ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ይዞት ወረደ። ግንዱም በአንድ ጎኑ መበስበስ ጀምሯል። መቆረጡ ካልቀረ ብዬ ወረቀቴን ያዝኩ። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፦ ዋንዛ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም። ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ በስሙ የተጠቀሰ ዛፍ ነው። ግቢዬ ውስጥ ነው ብላችሁ መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት ቀበሌና ግብርና ሂዱ። እኔ ባለሙያ መጥቶ አይቶልኝ፣ ደብዳቤ ተጽፎልኝ ነው ያስቆረጥኩት። ጣውላ ጭናችሁ መንገድ ላይ ስትያዙ «የአባቴ ዛፍ ነው» ማለት አያዋጣም።

ኅዳር ላይ ተቆረጠ። ሁለት ወጣቶች በሞተር መጋዝ ሰነጠቁት። ፈጣኖች ናቸው፣ በአንድ ቀን ተኩል ጨረሱ። ግን የሞተር መጋዝ ቆሻሻ ነው። በእያንዳንዱ ስንጥቅ ወደ አንድ ሳንቲ የሚጠጋ እንጨት ሰጋቱራ ሆኖ ይቀራል። አሥር ጊዜ ከሰነጠቃችሁ አንድ ደህና ወፍራም ጣውላና ከዚያም በላይ መሬት ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ውፍረቱም እኩል አልወጣም፤ 4 ሳንቲ ብዬ ያዘዝኩት አንዱ ጫፍ 3፣ ሌላው ጫፍ 5 ሆኖ መጣ። በሚቀጥለው ሕይወቴ ሁለት ሰው የሚስበውን የጥንቱን ትልቅ መጋዝ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ፈልጌ ነው የማሠራው።

እንግዲህ 19 ጣውላ ግቢ ውስጥ ተጋድሟል። እዚህ ላይ ነው ባሕር ዳር ወርጄ መለኪያዋን የገዛሁት፣ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ። 3,800 ብር። ሻጩ 4,500 ብሎ ነው የጀመረው። ሱቁ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ከፍቶ ባትሪ አስገብቶ አሳየኝ። መዳፌ ላይ ሞክሯት አንድ ቁጥር ስላወጣች ብቻ «ይኸው ትሠራለች» ማለቱ ግን አስቆኛል። መዳፌን ጣውላ ላደርገው አይደለም!

ዕቃዋ ይህች ናት፦ የድሮ ኖኪያ የምታክል ፕላስቲክ፣ ጫፏ ላይ ሁለት መርፌ፣ ትንሽ ስክሪን፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ። መርፌዎቹን እንጨቱ ላይ ትሰካላችሁ፣ ቁጥር ይመጣል። አሠራሯ ቀላል ነው። ደረቅ እንጨት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ እርጥብ እንጨት ግን ያሳልፋል። እሷ በሁለቱ መርፌዎች መሃል ኤሌክትሪኩ ምን ያህል እንደተቸገረ ትለካና ወደ ፐርሰንት ትቀይረዋለች። ፐርሰንቱ የሚሰላው ከደረቁ እንጨት ክብደት ነው። 100 ግራም ደረቅ እንጨት 50 ግራም ውኃ ከያዘ 50 ፐርሰንት እንላለን። ስለዚህ አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከ100 በላይም ሊሆን ይችላል፣ አትደንግጡ።

ሳጥኑ ላይ «ከ2 እስከ 70 ፐርሰንት ይለካል» ይላል። አትመኑት። እንዲህ ያለች መርፌ ያላት መለኪያ የምትታመነው ከ6 እስከ 30 ገደማ ባለው ውስጥ ነው። ከ30 በላይ እንጨቱ ውስጥ ነፃ ውኃ አለ፤ ውኃው በዛም አነሰም ኤሌክትሪኩ ብዙ ለውጥ አያሳይም። ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያውን ጣውላ ስወጋው 58 አለች፣ ሁለት ሳንቲ ፈቀቅ ብዬ ስወጋው 41። ሁለቱም ወሬ ናቸው። «እርጥብ ነው» ብሎ ማንበብ ነው እንጂ ቁጥሩን ደብተር ላይ መጻፍ አያስፈልግም። እኔ ለሁለት ወር ስጽፍ ኖሬያለሁ፣ ደብተሩን ያየ ሰው እብድ ይለኛል።

ይቺ 30 የምትባለው ቁጥር ግን ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለባት ናት። እንጨት ከጥሬ ተነስቶ እስከ 28 ወይም 30 ፐርሰንት ድረስ ሲደርቅ መጠኑ አይቀንስም። የሚወጣው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ውኃ ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ነው የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ራሱ መኮማተር የሚጀምረው። መኮማተሩ ደግሞ እኩል አይደለም። ቁመቱ ምንም አይልም ማለት ይቻላል። የዓመት ቀለበቱን ተከትሎ ግን ከልብ ወደ ቅርፊት ካለው አቅጣጫ በግምት እጥፍ ይኮማተራል። ጣውላ ጎድጓዳ ሰሐን የሚመስለው፣ የሚጠማዘዘውና የሚሰነጠቀው በዚህ አለመመጣጠን ነው። የእኔ ዋንዛ አንዱ ጣውላ ስከምረው 25 ሳንቲ ስፋት ነበረው። ዛሬ 24 ሳንቲ ከ3 ሚሊ ነው። ሰባት ሚሊ! የእናቴ ቁም ሳጥን በር ላይ የገባችው ጣት ይቺ ናት።

አሁን ወደ ማኑዋሉ። አማርኛ የለውም፣ ያ ይጠበቃል። ሆኖም ከጀርባው የእንጨት ዝርዝር አለ፣ በአራት ሞድ የተከፈለ። ለምን? መለኪያዋ ለሁሉም እንጨት አንድ ዓይነት አትሠራም፣ ያው እርጥበት በአንዱ እንጨት 14 በሌላው 17 ሆኖ ይነበባል። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ኦክ አለ። ፓይን አለ። ቢች አለ። ኤልም አለ። ዋንዛ የለም! ብሳናም የለም፣ ሰሳም የለም፣ ግራቪሊያም የለም። ባሕር ዛፍ እንኳን የለም።

ኤልም የሚለውን ሳይ እንግሊዝ አገር ያለው የአክስቴ ልጅ ትዝ አለኝ። እሱም እንደኔ ግቢው ውስጥ ጣውላ የሚከምር ሰው ነው፣ ያውም ኤልም። ደወልኩለት። ወሬው ረዘመ። ኤልም በነሱ አገር የወንበር መቀመጫ የሚሠራበት እንጨት ነው አለኝ፣ ጭረቱ እርስ በርሱ ስለሚጠላለፍ በምሳር እንኳን አልፈለጥም የሚል ዓይነት። ጥንዚዛ የሚያሰራጨው የፈንገስ በሽታ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ከ25 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ጨርሷል፣ ዛሬም ገና ጎረምሳ ሆኖ ይደርቃል። ስለዚህ ገበሬ ጎረቤቱ የደረቀ ግንድ በጣለ ቁጥር እሱ ሄዶ ይለምናል። «ያው ጭረቱ ነው ሲደርቅ የሚያሳብደው፣ እንደ እባብ ይጠማዘዛል» አለኝ። የአሜሪካው ኤልም ከጥሬ እስከ ፍጹም ደረቅ ባለው መንገድ ቀለበቱን ተከትሎ 9.5 ፐርሰንት፣ በሌላው አቅጣጫ 4.2 ፐርሰንት ይኮማተራል። የሁለቱን ልዩነት ልብ በሉ። መፍትሔው ምንድን ነው ስለው፦ ክብደት። ክምሩ ላይ ድንጋይ ጫንበት፣ አትራራለት አለኝ። ዋንዛ ከኤልም ጋር ሲነጻጸር የዋህ እንጨት ነው። እኔ ግን ምክሩን ተቀብዬ ጫንኩበት፣ ከጎረቤት 30 ብሎኬት ለምኜ። አሁን የላይኛው ተራ ጣውላ እንኳን ቀጥ ያለ ነው።

ክምሩን እንዴት እንደሠራሁት በአጭሩ፦ ከታች ብሎኬት፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ከፍ ብሎ፤ ዳንግላ ላይ ክረምቱ ጭቃ ይረጫል፣ ምስጥም አይተኛም። በጣውላና በጣውላ መሃል ሁለት ሳንቲ ተኩል የሆነ ደረቅ የባሕር ዛፍ ማራራቂያ፣ ከአሮጌ ሞራሌ የተሰነጠቀ፣ በየ40 ሳንቲው። ማራራቂያዎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር መቆም አለባቸው። አንዱ ፈቀቅ ካለ ጣውላው እዚያ ላይ ይጎብጣል፣ ጎብጦም ይደርቃል፣ ደርቆ የጎበጠን ደግሞ ማንም አያቃናውም። ከላይ አሮጌ ቆርቆሮ ለክዳን፣ ጎኑ ግን ክፍት፣ ነፋስ እንዲያልፍ። ሸራ እንዳትጠቀልሉበት፣ ሻጋታ ነው የምታመርቱት።

ጫፎቹን ሰም ቀባሁ። ውኃ በጣውላ ጫፍ በኩል የሚወጣው በፊቱ በኩል ከሚወጣው ከ10 እስከ 15 እጥፍ ፈጥኖ ነው። ስለዚህ ጫፉ ቀድሞ ደርቆ ይኮማተራል፣ መሃሉ ገና አልተነሳም፣ ጫፉ ይሰነጠቃል። ዘይት ቀለም ይበቃል የሚሉ አሉ፣ ግማሹን በተረፈ ዘይት ቀለም ግማሹን ጠጅ ከሚጥሉ ሰዎች ባገኘሁት ሰም ቀባሁ። ጎጃም ተወልዶ ሰም የሚያጣ የለም። ሰሙ በግልጽ አሸንፏል። በቀለም ከተቀቡት አራቱ ጫፋቸው ላይ እጅ የሚያህል ስንጥቅ አላቸው፣ ሰም ከተቀቡት አንዱ ብቻ።

ሁለት ጣውላ ግን ተቻኩዬ ፀሐይ ላይ አስጥቻቸው ነበር። ለፋሲካ መደርደሪያ ልሠራ ነበር ሐሳቤ። በሦስት ሳምንት ውስጥ መለኪያዋ 12 አለችኝ፣ ዘለልኩ። እናቴ አየት አድርጋ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች። ከሳምንት በኋላ አንዱ እንደ ገንዳ ጎደጎደ፣ ሌላው ፊቱ ሙሉ በሙሉ በቀጫጭን ስንጥቆች ተሞላ። ማገዶ ሆኑ። የፋሲካው ዶሮ የተሠራው በነሱ ነው፣ እንግዲህ ለበዓል ደረሱ ማለት ይቻላል።

የመለኪያዋ ትልቁ ድክመት የተገለጠልኝ እዚህ ነው። መርፌዎቿ አጫጭር ናቸው፣ ቢበዛ ሰባት ስምንት ሚሊ ነው የሚገቡት። የ4 ሳንቲ ጣውላ መሃሉ 20 ሚሊ ላይ ነው። ስለዚህ የምታነቡት የቆዳውን ነው፣ የሆዱን አይደለም። ፀሐይ ላይ የነበረው ጣውላ ቆዳው 12፣ ሆዱ ከ25 በላይ ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ከመሃሉ ቆርጬ አዲሱን ጫፍ ስወጋው ነው። ሁሌም እንዲህ አድርጉ። አንድ መስዋዕት የሚሆን ጣውላ መርጣችሁ ከጫፉ 40 ሳንቲ ያህል ገብታችሁ ቁረጡ፣ ከዚያ የተቆረጠውን ፊት መሃሉ ላይ ውጉ። እውነቱ እዚያ አለ።

ይቺው ብልሃት አንድ ሌላ ነገር አጋለጠችልኝ። አራት ጣውላ አንድ የማድረቂያ ክፍል አለኝ ለሚል ባሕር ዳር ላለ የእንጨት ሥራ ቤት ላክሁ። ስሙን አልጠራም፣ አትጠይቁኝ። በ12 ቀን አድርቄ እሰጥሃለሁ አለ፣ በጣውላ 600 ብር አስከፈለኝ፣ የመኪናው ሌላ። ሲመጣ ፊቱን ወጋሁት፣ 9። እጅግ ጥሩ! መሃሉን ቆርጬ ወጋሁት፣ 19። ለሁለት ልሰነጥቀው ስል ደግሞ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሁለቱ ወገን ተጠጋግተው መጋዙን ነከሱት። በኃይል ሙቀት የተቸኮለ እንጨት ምልክቱ ይሄ ነው፤ ላዩ ቀድሞ ደርቆ እንደተለጠጠ ይቀራል፣ ሆዱ በኋላ ሊኮማተር ሲል ላዩ አይለቀውም፣ ስትሰነጥቁት የታመቀው ኃይል ይፈታል። ደውዬ ነገርኩት። «ወንድሜ፣ መለኪያህ የቻይና ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የቻይና ነች። መጋዙን የነከሰው ግን ዋንዛው ነው።

የማድረቂያ ክፍል በራሱ መጥፎ አይደለም፣ እንዳይመስላችሁ። በአግባቡ የሚሠራው ሙቀቱን ብቻ አይደለም የሚቆጣጠረው፣ የአየሩንም እርጥበት ነው። መጀመሪያ ላይ ሞቅ ያለ ግን እርጥብ አየር ይሰጣል፣ ቆዳው ቀድሞ እንዳይዘጋ፤ መጨረሻ ላይም ትንሽ እንፋሎት ይለቃል፣ ጭንቀቱ እንዲፈታ። ምድጃና ማራገቢያ ያለው ጠባብ ክፍል ማድረቂያ አይባልም፣ ዳቦ ቤት ነው። እንዲህ ያለ አገልግሎት የምትከፍሉበት ከሆነ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «የአየሩን እርጥበት በምን ትቆጣጠራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ዝምታ ከሆነ ጣውላችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ለመለኪያዋ ፍትሐዊ ልሁን ብዬ ራሷን ፈተንኳት። ፈተናው ማንም ቤቱ ሊያደርገው የሚችል ነው። ከጣውላው መሃል ሁለት ሳንቲ ተኩል የሆነ ቁራጭ ቆረጥኩ፣ ወዲያው በዲጂታል ሚዛን መዘንኩት፦ 84 ግራም። ከዚያ እህቴ ቤት ባለው የኤሌክትሪክ ኦቨን፣ 100 ዲግሪ እና ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እየመዘንኩ አደረቅሁት። እህቴ ኬክ ልትጋግር ስትመጣ እንጨት አገኘች፣ የተባለውን አልጽፍም። በማግስቱ ክብደቱ መቀነስ አቆመ፦ 72 ግራም። 12 ግራም ውኃ ለ72 ሲካፈል 16.7 ፐርሰንት። መለኪያዋ ያንኑ ቁራጭ ኤልም ባለበት ሞድ 19 ብላው ነበር፣ በሞድ 3 ደግሞ 17። ስለዚህ የኔ ዋንዛ ሞድ 3 ነው። ማኑዋሉ ያልነገረኝን የእህቴ ኦቨን ነገረኝ። እናንተም ባሕር ዛፍም ይሁን ግራቪሊያ የምታደርቁ ከሆነ አንድ ጊዜ እንዲህ ፈትናችሁ ሞዳችሁን ያዙ። ከዚያ በኋላ መለኪያዋ ታማኝ ናት። ያለዚያ ግን ሁለት ሦስት ፐርሰንት መሳቷ የታወቀ ነው።

ሙቀትም ያሳስታታል። እንጨቱ በሞቀ ቁጥር ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ በ10 ዲግሪ ልዩነት አንድ ፐርሰንት ገደማ። ስምንት ሰዓት ላይ ለክታችሁ ጠዋት ከለካችሁት ጋር አታወዳድሩ። እኔ ሁልጊዜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው የምለካው፣ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት። ባትሪው ሲደክምም ትዋሻለች፣ ያውም ምንም ምልክት ሳታሳይ። ይሄ በጣም አናዶኛል። ቁጥሮቹ በድንገት ጥሩ መሆን ከጀመሩ እንጨቱን አታመስግኑ፣ ባትሪውን ቀይሩ። መርፌዎቹ ቋጠሮ ላይ ከሰካችኋቸው ይጎብጣሉ፣ ሁለት መለዋወጫ ከሳጥኑ ጋር ይመጣል፣ አንዱን ጨርሻለሁ።

የዓመቱ ቁጥር እንዲህ ነው፣ ሁሉም በሞድ 3፣ ሁሉም ከመሃል ከተቆረጠ ፊት። የካቲት ላይ 24 ፐርሰንት፣ ሚያዝያ ላይ 15፣ ግንቦት መጀመሪያ ላይ 14። ደስ አለኝ፣ ልጀምር ነው ብዬ ፒያላ (ጣውላ መላጊያ) ማሽን ያለው ሰው ጋ ቀጠሮ ያዝኩ። ቀጠሮው ተራዘመ፣ ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ ስለካው 17! ወደ ኋላ ተመለሰ። መለኪያዋን ልወረውራት ነበር። ግን ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ የሰማዩ ነው። እንጨት ሁሌም ከአየሩ ጋር ይደራደራል። የአየሩ እርጥበት 65 ፐርሰንት ከሆነ እንጨቱ 12 አካባቢ ይቀመጣል። 80 ከሆነ 16 አካባቢ፣ 40 ከሆነ 8 አካባቢ። በሐምሌና ነሐሴ ዳንግላ ላይ ውጭ የተከመረ እንጨት 12 ይደርሳል ብላችሁ አትጠብቁ፣ የፈለገውን ያህል ዓመት ቢቀመጥ። «ሦስት ዓመት የደረቀ ነው» ብሎ ነሐሴ ላይ የሚሸጥላችሁ ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ጣውላው ግን ከዝናቡ ሲጠጣ ነው የከረመው።

ታኅሣሥ ላይ 12 ሆነ። ያኔ ቤት ውስጥ አስገባሁት፣ ሳሎን ግድግዳው ሥር፣ ያው ማራራቂያ መሃሉ እየገባ። እናቴ ሁለት ወር ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሬሳ ሳጥን አይደለም፣ የልጄ እንጨት ነው» ስትል ከረመች። የካቲት ላይ 10። ዕቃው የሚኖረው እዚያ ቤት ውስጥ ስለሆነ እንጨቱም እዚያ ቤት መልመድ አለበት። ይሄን ከዘለላችሁ የቀደመው ልፋት ሁሉ ግማሽ ነው።

መጽሐፍ መደርደሪያው አሁን ቆሟል። ክረምት መምጣቱን እያሰብኩ የጀርባውን ጣውላ ኮላ ሳልቀባ በቦዩ ውስጥ ልቅ አድርጌ ተውኩት፣ ሲያብጥም ሲኮማተርም ቦታ እንዲኖረው።

መግዛት ያለበት ማነው? ጣውላ የራሱን የሚያደርቅ፣ ወይም ከጣውላ ቤት በተደጋጋሚ የሚገዛ። ለገዢ እንዲያውም የበለጠ ትጠቅማለች። ይዛችኋት ስትገቡ ብቻ የሻጩ ወሬ ይቀየራል፣ «ዓመት የደረቀ» የነበረው «ትንሽ ቢቆይ ጥሩ ነው» ይሆናል። አንድ ጊዜ ብቻ አንድ አልጋ ልሥራ የምትሉ ግን 3,800 ብር አታውጡ። አንድ ቁራጭ ጣውላ ምልክት አድርጋችሁ በየሳምንቱ ሰፈር ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። በበጋ ለአንድ ወር ተኩል ያህል ግራሙ መውረዱን ካቆመ፣ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ነፃ ነው። ሱቁ ላይ የሚያዩአችሁ ሰዎች የሚሉትን መቻል ነው ዋጋው። ከአምስት ስንት ትሰጣታለህ ካላችሁኝ ሦስት ተኩል። ግማሿን የቀነስኩት በባትሪው ውሸት፣ አንዷን ሙሉ በአጫጭር መርፌዎቿ።

ቀጠሮውን ያራዘመብኝ አናጢ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ መለኪያዋን መጀመሪያ ሲያዩዋት ሳቁብኝ። አጠገባቸው ከነበረው አንድ ጣውላ አንስተው ጉንጫቸው ላይ አስደገፉት። «ከቀዘቀዘህ እርጥብ ነው፣ ካልቀዘቀዘህ ደረቅ ነው፤ አባቴ ባትሪ አልነበረውም» አሉኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው «15 በለው» አሉ። ወጋሁት፣ 14። ዝም አልን ሁለታችንም። ሌላ ጣውላ አነሱ፣ «ይሄ 13»። 18 ሆነ። ጣውላውን ገልብጠው አዩት፣ መለኪያዋን ተቀብለው ገልብጠው አዩዋት። «እስቲ ለነገ አውሰኝ፣ አንድ የገዛሁት ጣውላ አለ፣ ልየው» አሉኝ።

ይሄ የሆነው መጋቢት ላይ ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል። ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ ያች ዕቃህ ባትሪ ጨርሳለች» አሉኝ። ገዝቼ ወሰድኩላቸው።